የሰኞ ጥፋት

እኔ ደግ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ኪሴን መዳበስ ነው። ይህን የምናገረው ልኮራበት ሳይሆን አስቀድማችሁ እንድታውቁኝ ነው። ለመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ስሥል በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት አምስት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። አራቱ እየሳቁ መጥተው እያስለቀሱን ሄዱ። አንዱ ከመጀመሪያውም አልሳቀም፤ እሱን እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ጋሼ ግን» ይሉኛል። ማንም ምንም ቢናገር ከአፌ ቀድማ የምትወጣው ቃል «ግን» ናት ይላሉ። ግን እኔ አላምናቸውም።

የምተርክላችሁ ስለ ስድስተኛዋ አለቃችን ነው። ስትመጣ ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ቀጠን ያለች፣ ሰዓቷን በቀኝ እጇ የምታስር፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ ሴት ናት። ከታች ነው የተነሣችው። በሌላ ማተሚያ ቤት ብሩሽ ከማጠብ ጀምራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ቀለም ቀብታ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለአለቅነት የበቃችው። ገና በመጀመሪያው ቀን ምን አደረገች መሰላችሁ? የአለቃውን ክፍል በር አስነቀለችው። ሁለት አናጢዎች በሩን ተሸክመው ሲያወጡት ሰባታችንም ቆመን አየን። ቀለም ቀቢያችን፣ ከሁላችንም በኋላ የተቀጠረችው የትንሽ ልጅ እናት፣ ደስ ብሏት አጨበጨበች። እኔ በበኩሌ ያሰብኩት በር የሌለው ክፍል ለሁለት ወገን እንደሚያገለግል ነው። እኛ እሷን እንድናይ ብቻ ሳይሆን እሷም እኛን እንድትሰማ ይሆናል።

ያለ ምክንያት አይደለም። ከእሷ በፊት የነበረው አለቃ «ልጆች ደህና ናቸው?» እያለ በየጠረጴዛው ይዞር ነበር። «ልጄ ታሞብኝ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ» ያለውን ሰው፣ ራሱን ነቅንቆ አዝኖለት፣ ሄዶ በጥቁር ደብተሩ «በሥራ ሰዓት ያንቀላፋል» ብሎ ይጽፍበታል። ሁለት ሰዎች በዚያ ደብተር ተባረዋል፤ አንደኛው ጓደኛዬ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ከልጥም አልፌ የጫማ ክር የሚያስደነግጠኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

እሷ ደግሞ ይባስ ብላ ሰኞን አመጣችብን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወንበሮቻችንን ክብ አድርገን እንቀመጣለን። መጀመሪያ እሷ ባለፈው ሳምንት ያጠፋችውን አንድ ነገር ትናገራለች። «የሳይንሱ መጽሐፍ ላይ ሸረሪቷን በስድስት እግር አሳልፌያት ነበር፤ ገጽ አቀናጁ ባያይልኝ ኖሮ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር» ትላለች። ከዚያ የፈለገ የራሱን ይናገራል። የሚሰሙት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው፤ «ምን እናግዝህ?» ማለት። አይጻፍም። ከዚህ ክብ አይወጣም። ይህ ነበር ሕጉ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብላ ቀለም ቀቢዋ ጠየቀቻት አንድ ቀን።

«ከእናቴ ነው» አለች። «እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። በሱቋ በር ላይ አንድ እጅጌው ወደ ኋላ የዞረ ቀሚስ ሰቅላ ነበር። ሥራ ልትለምድ ለመጣች ሁሉ ቀሚሱን እያሳየች፣ ይቺን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አሁን አንቺም ማበላሸት ትችያለሽ፣ ትላት ነበር።»

«ግን» አልኩ።

«ግን ምን ጋሼ?»

«ግን ቀሚሱን ማን ገዛው?»

«ማንም አልገዛውም። እኔ ነኝ ለብሼው ያደግኩት።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ኋላ ግን በራሴ ተናደድኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ የተለማመዱት ካልሆነ በቀር እንዲህ አምሮ አይወጣም ብዬ አሰብኩ። «ጋሼ፣ እንደ ታናሽ እህትዎ እኮ ነኝ፤ አንቺ ይበሉኝ» ብላ ለምናኝም ነበር። እምቢ አልኳት። አንቺ ያልኩት ሰው ሲከዳኝ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመኝ።

አልዋሽም፣ ክፍሉ ተለውጦ ነበር። ቀለም ቀቢዋ በአንድ ሰኞ እያለቀሰች፣ በመብራት ሥር ሁለቱን አረንጓዴዎች መለየት እንደማትችል ተናገረች። በድሮው ደብተር ቢሆን ይህ የስንብት ወረቀት ነው። አለቃችን ግን «ምን እናግዝሽ?» አለች፤ ጠረጴዛዋን አንሥተን መስኮቱ አጠገብ አደረግንላት፤ ከዚያ ወዲህ የዚያች ልጅ ቅጠሎች ነፍስ ዘሩ። ገጽ አቀናጁ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ከአፉ ቃል ያልሰማሁት ሰውዬ፣ ቀልድ መናገር ጀመረ። ንድፎቻችንን ስም ሳንጽፍባቸው በሲባጎ ላይ እንሰቅላለን፤ የማንም ይሁን የማን ተነጋግረን እናቃናለን። ሁሉም ሰው ጥፋቱን እየተናገረ ይቀለው ነበር። እኔ በአምስት ወር ውስጥ የተናገርኩት አንድ ጥፋት ብቻ ነው፤ «አርፍጃለሁ» ብዬ። ያችንም ጥፋት ሰዓት መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ያውቃታል።

ከክቡ እንደተነሣች አቃፊዋን ይዛ ወደ ፎቅ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ እንደምትወጣ ልብ ብዬ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ሰኞ፣ ሁልጊዜ ከክቡ በኋላ። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«አለቃ ሥራ አስኪያጅ ጋ ካልሄደ የት ይሂድልህ? ገበያ?» አለችኝ።

እሷ መቼም እኔን ለመቃወም ነው የተፈጠረችው። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቀለም ቀቢያችንን ኮሪደር ላይ አግኝቷት «ጠረጴዛሽ መስኮት ጋ ሆነ አሉ፤ ተመቸሽ?» አላት። እሷ ደስ ብሏት መጥታ አወራችልን።  ማን ነገረው? ጠረጴዛው ለምን እንደ ተነሣ የሚያውቅ ከክቡ ውጭ ማን አለ? «አያችሁ» አልኳቸው። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ዓይን ያለኝ?» ሁሉም ወደየሥራው ዞረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እነሱ የሰሙት አይመስለኝም።

ያኔ ነው ላጠምዳት የወሰንኩት። ወጥመዱን አስቤበታለሁ። በክቡ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥፋት እናገራለሁ። ትልቅ መሆን አለበት፤ ጆሮ ጠቢ የሆነ ሰው ይዞት ሊያድር የማይችል መሆን አለበት። ደግሞ ውሸት መሆን አለበት። ነገሩ ፎቅ ደርሶ እኔ ስጠራ «ይህን የተናገርኩት በክቡ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከክቡ ተነሥታ ፎቅ የምትወጣው ደግሞ እሷ ናት፤ ውሸት መሆኑን ደግሞ ይኸው ማስረጃው» ብዬ ሁሉንም አጋልጣለሁ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ማን እንደ ሆነች ያያል።

የመረጥኩት የሁለተኛ ክፍልን የንባብ መጽሐፍ ሽፋን ነው። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ የምወደው ሥዕል እሱ ነው። አንዲት ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ኮቷን ትቆልፋለች። አንዱን ቁልፍ ስለ ዘለለችው ኮቱ በአንድ ወገን ረዝሞባታል፤ እሷ ግን አላወቀችም፤ ምላሷን በትንሹ አውጥታ በሙሉ ልቧ ትቆልፋለች። አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። አሥራ አራት ንድፍ ሠርቼለታለሁ። እነዚያን አሥራ አራት ንድፎች በቦርሳዬ ይዤ ሰኞ ክቡ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አለቃችን የራሷን ተናገረች፤ የቀጠሮ ቀን አሳስታ ደራሲውን በከንቱ አመላልሳው ነበር። ከዚያ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«የንባብ መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ሥዕል የእኔ አይደለም» አልኩ። «ከመንገድ ላይ የገዛሁት አሮጌ የውጭ መጽሐፍ ነበር። ከእሱ ላይ ነው የገለበጥኩት።»

ቀለም ቀቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። ገጽ አቀናጁ መሬት መሬት አየ። አለቃችን ፊቷ ሲገረጣ አይቻለሁ፤ ያኔ በድንጋጤዋ ውስጥ ደስታ ፈለግኩባት፤ አላገኘሁም፤ ደብቃዋለች አልኩ።

«ስለነገሩን አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች ዝግ ብላ። «ቀላል አይደለም። ምን እናግዝዎ?»

ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሽፋኑ መታተም ጀምሯል» አለችኝ። «መቆም አለበት። የሌላ ሰው ልፋት በእኛ ስም ለልጆች መስጠት አንችልም። ይሄን ማስቆም ግድ ስለሆነ ፎቅ እወጣለሁ። እርስዎን ግን ማንም አይጠራዎትም። በአራት ቀን አዲስ ሽፋን ይደርስልዎታል?»

እዚህች ላይ «ቀልዴን ነው» ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ መጥታም ነበር። ነገር ግን ወጥመድ ያጠመደ ሰው እግር ሲገባለት እያየ ገመዱን አይለቅም። ራሷ እወጣለሁ ብላ ነገረችኝ፤ እኔ ግን ይህንንም ለብልጠት ቆጠርኩባት። አስቀድሞ የሚነግርህ ሌባ የባሰ ሌባ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ይደርሳል» አልኳት።

ማተሚያ ማሽኑ ከእኛ ሥር ነው ያለው፤ ሲሠራ የሻይ ብርጭቆዬ ጠረጴዛዬ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆዋ ቆመች። ገጽ አቀናጁን በክርኔ ነካ አድርጌ «ይኸው ወጣ! ከክቡ አይወጣም አላለችም?» አልኩት። ጀርባውን አዙሮ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቦርሳዬን እይዛለሁ። ረቡዕ ማንም አልጠራኝም። ሐሙስም አልጠራኝም። ገጽ አቀናጁን ግን ከአለቃችን ጋር ጠሩት፤ ሲመለስ ማንንም ሳያይ ሥራው ላይ አቀረቀረ። እኔ በመካከሉ አንድ ዛፍና ከሥሩ አንድ ኳስ ሣልኩ። ሕይወት የሌለው ዛፍ፣ ማንም የማይመታው ኳስ። አለቃችን ተቀብላ አየችውና «ደክሞዎታል ጋሼ» አለችና ይዛው ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የሥዕል ክፍል ኃላፊዋ ምንጩ ያልተጣራ ሥራ ፈርመው በማሳለፋቸው ከኃላፊነት ተነሥተው በእርማት ክፍል በአራሚነት እንዲሠሩ ተወስኗል ይላል። አንብቤ ጨረስኩና እንደገና አነበብኩት። ስሜ የለበትም። ገጽ አቀናጁን ወደ ደረጃው ወስጄ አፋጠጥኩት።

«ምንድን ነው የጠየቋችሁ?»

«እኔንማ የጠየቁኝ ሽፋኑ መቼ እንደ ደረሰኝ ነው። እሷን ነው ሦስት ጊዜ የጠየቋት» አለኝ። «ማን ነው የሣለው? አሏት። ክፍሉ ነው የሣለው፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ አለች። ስም ጥሪ ሲሏት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው፤ ሌላ ስም አላውቅም አለች። ስሙን ብትናገሪ ትድኛለሽ አሏት እኮ ጋሼ፤ በግልጽ።»

«አንተስ?»

«እኔ ምን ልበል? ዞራ አየችኝ፤ አፌን ዘጋሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ደቂቃ ደረጃውን ሮጦ ይወጣ ነበር። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ ስለማፍርበት ነው የምነግራችሁ። ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩና «ምን ልታተርፍበት ነው?» ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ይህን ያህል ለእኔ የምትከፍል ምን ፈልጋ ነው? ከዚህ ጀርባ ምን አለ? ይህንኑ ድምፄን አውጥቼ ለባለቤቴ ተናገርኩ። ከነወጥመዱ፣ ከነሽፋኑ ነገርኳት። ባለቤቴ የምትተኩሰውን ልብስ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ሰው ገደል ገብቶልህ እንኳ ገደሉን ትጠረጥራለህ? ተነሥና አውጣት እንጂ!»

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ስትጮህብኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ገና ኮቱን ሳያወልቅ ገባሁበት። አሥራ አራቱንም ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሥዕሉ የራሴ ነው፣ ገልብጫለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው፣ ያልኩትም እሷን ለማጥመድ ነው፣ እሷ ምንም አላጠፋችም አልኩት። ንድፎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«እርስዎ ግሩም ሠዓሊ ነዎት ጋሼ» አለኝ። «በሁለት ቀን እረፍት አሥራ አራት ንድፍ መሥራት አያቅትዎትም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አለቃዎን ሊያድኑ መሞከርዎ ያስመሰግንዎታል። ሽፋኖቹ ግን ተቆራርጠው ለመጠቅለያ ውለዋል። ጉዳዩም ተዘግቷል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሽፋኑ ንጹሕ ነበር ብሎ ካመነ ንጹሑን ያስቆረጠው እሱ ራሱ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ እምነት ለሥራ አስኪያጅ አይመችም። ቆሜ ማልኩለት፤ በልጄ ማልኩለት። በትሕትና እያዳመጠ፣ ልክ እኔ ሰዎችን እንደማዳምጠው አዳመጠኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ክፍሉን በተጠባባቂነት እርስዎ ይያዙት» አለኝ በመጨረሻ። «ለባልደረባው እንዲህ የሚቆረቆር ሰው ነው የምንፈልገው። ያቺም እኮ ሰኞ ሰኞ እየመጣች ስለ እናንተ ነበር የምትጨቀጭቀኝ። ለአንዷ መስኮት፣ ለአንዱ ወንበር፣ ለእርስዎም ለዓይንዎ የተሻለ መብራት።»

መብራቱ ከወር በፊት ተተክሎልኛል። ማን አስተከለው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ እሷን ግን አልጠረጠርኩም።

የእርማት ክፍሉ በኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ አንድ ጠባብ ጠረጴዛና አንድ መስኮት አለው። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ እያረመች ነበር። ንድፎቹን ፊቷ አኖርኩ። አልተቀመጥኩም። እሷ እንደ ሥራ አስኪያጁ አላገላበጠቻቸውም፤ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። በአንዱ ላይ የልጅቷ ምላስ በግራ ወጥታለች፣ በሌላው በቀኝ፤ በስድስተኛው ላይ ጨርሶ የለችም፤ በዘጠነኛው ኮቱ በትክክል ተቆልፏል፣ እኔም በትልቅ መስመር ሰርዤዋለሁ። ሥራውን የምታውቅ ሴት ናት። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ልጅዎ ናት?» አለችኝ።

«አዎ። ከትዝታዬ ነው የሣልኳት፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን የራሷ ልጆች አሏት።»

«ታምራለች።» ጣቷን በልጅቷ ትከሻ መስመር ላይ አሳለፈች። «ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ልፈትንሽ ብዬ ነው» አልኳት። አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ንድፎቹን ሰብስባ አስተካከለቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ የለበትም፤ የምር ማወቅ የፈለገች ሰው አስተያየት ነበር።

«አለፍኩ?» አለችኝ።

 ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ሥራ አስኪያጁ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ኃላፊነቱን እምቢ እላለሁ አልኳት።

«እምቢ አይበሉ» አለች። «እምቢ ካሉ ደብተር የያዘ ሰው ያመጡባችኋል። ይያዙት። ሰኞን ግን አያስቀሩባቸው ጋሼ፤ አደራ። ያቺን አንድ ነገር ነው የሠራሁት።»

«ተመልሰሽ ነይ። እኔ በየቀኑ ፎቅ እየወጣሁ እናገራለሁ።»

«ይናገሩ» አለችና ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች። «እኔ ግን አሁን ሰው ጥፋቱን ቢነግረኝ፣ እውነቱን ይሆን ብዬ ነው የማስበው። እንደዚህ ሆኜ ያንን ክብ ልመራው አልችልም።»

ፎቅ ወጣሁ፤ በየቀኑ ባይሆንም በየሳምንቱ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ በትሕትና ይቀበለኛል፤ ታማኝነቴን ያደንቃል፤ ወረቀቱን ግን አያነሣም።

ክፍሉን በያዝኩ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወንበሮቹን ክብ አደረግኩ። ስድስቱም መጥተው ተቀመጡ። እንደ እሷ እኔ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ተናገርኩ። ሥዕሉ የራሴ እንደ ነበር፣ ወጥመዱን፣ ቦርሳዬን፣ ያንን ሁለት ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ያሰብኩትን ሳይቀር አንዳች ሳላስቀር ተናገርኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነተኛ ጥፋቴ እሱ ነው። ስጨርስ «ምን እናግዝዎ?» የሚለኝን ሰው ጠበቅኩ።

ገጽ አቀናጁ በሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያል። ቀለም ቀቢዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ስታየኝ ቆየች። ያችን አስተያየት አውቃታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዎችን ሳይባት የኖርኩት አስተያየት ናት፤ በእኔ ላይ ስታርፍ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ጋሼ» አለችኝ በአክብሮት፤ «ይሄኛውስ እውነት ነው ወይስ እንደዚያኛው ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱን የተናገረ ሰው የለም። ሁሉም ደህና ሳምንት እንደ ነበራቸው ነገሩኝ።